ሳትወጣ የፈረመችበት ጣሪያ

ብዙወርቅ ጠዋት ሥራ የምትጀምረው ከላይ ነው። በሊፍት ስድስተኛ ፎቅ ትደርስና የየቤቱን ቆጣሪ እያየች፣ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ እየጻፈች በደረጃ ትወርዳለች። መውጣቱን ጉልበቷ አልቀበል ስላላት ያገኘችው ዘዴ ነው። መውረዱም ያማታል፤ ቢያንስ ግን ትንፋሽ አያሳጥራትም። ምድር ቤት ስትደርስ ፓምፑ አጠገብ ያለችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ትልና ቀኝ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚፈልጋት።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው አቃቂ ውስጥ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ቴስተር ኪሷ ከታ የምትዞር ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ መጀመሪያ ላይ የሳቁባት ወንዶች ኋላ ላይ ሞተር ሲቃጠልባቸው እሷን ነበር የሚያስጠሩት። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ተቀነሰች። ሁለት ዓመት በሰቃ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ፣ ከባቡር ጡረታ ከወጣው ባሏ ከካሳሁን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ከረመች። ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ እየተሠራ ያለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ሲባል፣ ካሳሁን ራሱ ነው ጫማዋን ጠርጎ ያቀረበላት።

ሕንፃው ባለ ስድስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱና ሁለቱ ፎቆች ሱቅ ናቸው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በየፎቁ አራት አራት መኖሪያ ቤት አለ። የመንገድ ፊቱ ከታች እስከ ላይ መስታወት ሲሆን ወደ ምዕራብ ያያል። መግቢያው ላይ «ኃይል ቆጣቢ ዘመናዊ ሕንፃ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው የሚበራው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ውሃ በፀሐይ የሚያሞቁ ጥቁር ሰሌዳዎች ከነታንከሮቻቸው ተደርድረው ከመንገዱ ማዶ ይታያሉ። ባለቤቱ አቶ ፀሐዩ ከአንዲት ጠባብ የሸቀጥ ሱቅ ተነስተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ማታ ማታ መኪናቸውን ከመንገዱ ማዶ አቁመው ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስትጠልቅ የሚያዩበት ጊዜ ነበር።

ችግሩ የጀመረው የመጨረሻዎቹ ቤቶች በተከራዩበት በየካቲት ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ዋናው ብሬከር ይጥልና የሕንፃው ኃይል ይቋረጣል። ሊፍቱ ባለበት ይቆማል፤ ፓምፑም ስለሚቆም ላይኛው ፎቅ ውሃ ያጣል። ብዙወርቅ ብሬከሩን ትመልሳለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይጥላል። አንድ ቀን አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ጋሽ ሶሬሳ ሊፍት ውስጥ ቀሩ። ብዙወርቅ በሩን በቁልፍ እስክትከፍት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ የገዙትን ዳቦ ታቅፈው አገኘቻቸው።

«ይቅርታ ጋሽ ሶሬሳ» አለች፣ ክንዳቸውን ይዛ እያነሳቻቸው።

«አንቺ ምን አደረግሽ» አሉ እሳቸው።

አቶ ፀሐዩ በማግስቱ መጡ። መንግሥት ትልቅ ትራንስፎርመር እስኪሰጣቸው ወረፋ እየጠበቁ እንደነበር ይናገሩ ነበር፤ አሁን ግን ትዕግሥታቸው አልቋል። ብዙወርቅን ይዘው ሁለተኛ ፎቅ ወጡና ዙለይኻ ሱቅ ፊት ቆሙ። ዙለይኻ የስልጤ ልጅ ናት፤ አንሶላ፣ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ትሸጣለች። ሱቋ ሙሉ ለሙሉ መስታወቱ ላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። መስታወቱ ጋ የሰቀለችው ሰማያዊ መጋረጃ በሦስት ወር ውስጥ አመድ መስሏል። በጥር ከዘመድ ተበድራ ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ አስገጥማለች።

«ይኸውልሽ ሌባው» አሉ አቶ ፀሐዩ ወደ ማሽኑ እያሳዩ። «የሕንፃውን ኃይል የሚጨርሰው ይኼ ነው። ሕንፃው ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ኤሲ እንዲገባበት አልተሠራም። ከዛሬ ጀምሮ አይበራም።»

ዙለይኻ ብዙወርቅን አየቻት። «እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው። እውነት የኔ ማሽን ነው የሚጥለው?»

ብዙወርቅ ምን ትበል። ምድር ቤትም ሁለት ሱቆች ኤሲ አላቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲበሩ ጫና መሆናቸው እውነት ነው። አልለካችም፤ ደክሟት ነበር፣ ባለቤቱም አጠገቧ ቆመዋል። «ጫና አለው» አለች። የሦስቱንም ሱቆች የኤሲ መስመር ራሷ አጠፋች።

ብሬከሩ በአራተኛው ቀን እንደገና ጣለ።

ያን ጊዜ ነው ብዙወርቅ ነገሩን በደንብ ማሰብ የጀመረችው። ደብተሯን አወጣችና በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሁሉንም ቆጣሪ መጻፍ ያዘች። ይህ ማለት በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ ስድስት ፎቅ መውረድ ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ እግሯን በሞቀ ጨው ውሃ ነክራ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቁጥሮቹን አስተያየቻቸው። ሱቆቹ እሷ እንዳሰበችው አልነበሩም። የሚበላው መኖሪያው ነበር፤ አሥራ ስድስቱም ቤት፣ ሰው የሚበዛበትም የሚያንስበትም፣ ተመሳሳይ በሚመስል መንገድ ይቆጥራል። በተለይ የጋሽ ሶሬሳ ቆጣሪ አልገባትም። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ያላቸው ሬድዮና ሁለት አምፖል፣ እንዴት አምስት ልጆች ካሉበት ቤት እኩል ይቆጥርባቸዋል?

ቅዳሜ ጠዋት አንኳኳች። ጋሽ ሶሬሳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ከፈቱ።

«ቆጣሪዎን ላየው ብዬ ነው። አንድ አንድ እያጠፋሁ የሚበላውን ላግኘው።»

«ግቢ። እኔም ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

የሳሎኑን አጠፋች፤ ለውጥ የለም። የወጥ ቤቱን አጠፋች፤ ትንሽ ቀነሰ። የመታጠቢያ ቤቱን ስታጠፋ ኮሪደር ላይ ያለው ቆጣሪ ብልጭታው ቆመ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሳ አየች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ ቦይለሩ፣ ቀይ መብራቱ ጠፍቷል።

«ቦይለሩን ሁልጊዜ ነው የሚያበሩት?» አለቻቸው።

«ሁልጊዜ ነው እንጂ። ካላበራሁት ቀዝቃዛ ነው።»

«ይኼኮ ለክረምት ብቻ ነው ጋሽ ሶሬሳ። በጋ በጋ ውሃው ከላይ፣ በፀሐይ ሞቆ ነው የሚመጣው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና አስተዋሏት። «እዚህ ቤት ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን ከላይ ሞቆ አያውቅም። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር።»

ብዙወርቅ ቴስተሯን ኪሷ ከተተች። አመስግና ወጣችና በሊፍት ስድስተኛ ፎቅ ደረሰች። ከዚያ በላይ ሊፍት የለም፤ ግድግዳው ላይ የተበየደ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው ያለው። ውሃው ከምድር ቤት በፓምፕ ስለሚገፋ ጣሪያ ላይ የሚያስወጣት ጉዳይ ገጥሟት አያውቅም። ስድስት ዓይነት ሰበብ ነበራት፤ አሁን ግን አንዱንም አላነሳችም። ግራ እግሯን አስቀድማ፣ ቀኙን እየጎተተች አሥራ አራቱን ብረት ወጣች።

ጣሪያው ላይ ንፋስ አለ። ከወዲያ የገላን ሰማይ፣ ከወዲህ የኮዬ ፈጬ ፎቆች በአቧራ ውስጥ ይታያሉ። ሰሌዳዎቹ አዲስ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የፋብሪካው ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ታንከሩን በጣቷ ብትመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከታች የሚመጣው ቧንቧ በጣሪያው ወለል በኩል ብቅ ብሎ፣ ሰሌዳዎቹ ጋ ሳይደርስ ሦስት ሜትር ሲቀረው በታፓ፣ በቧንቧ ክዳን፣ ተዘግቷል። ታፓው ላይ ጥቁር ፌስታል ተጠምጥሟል። ፌስታሉን ፈታችው። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች።

ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበረም።

ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ የተደረገው ርክክብ ትዝ አላት። የተቋራጩ መሐንዲስ ወፍራም ሰነድ ይዞ መጥቶ፣ ዕቃ በዕቃ እያዞረ ሲያስፈርማት ሁለት ቀን ፈጅቶ ነበር። ሊፍቱ ገና አይሠራም ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ጉልበቷ አብጦ ሱሪዋን ወጥሮታል። መሐንዲሱ መሰላሉን አይቶ፣ ከዚያ እሷን አይቶ፣ «የጣሪያው ሁሉ ሙሉ ነው፤ ለምን ይደክማሉ እናቴ» አላት። ደግ ልጅ መሰላት። ግድግዳው ላይ ደገፍ ብላ ፈረመች። «የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፦ ተፈትሾ ይሠራል።» ከታች ስሟ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ካሳሁን ጉልበቷ ላይ ጨርቅ ሲጠመጥምላት ነገረችው። እሱ ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማት።

«ለማን ልትነግሪ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ለባለቤቱ።»

«ቧንቧውን ዝም ብለሽ አስገጥሚው። ጥገና ነው በይ። ማን ይጠይቅሻል?»

«ያቺ ልጅ ኤሲዋ ጠፍቶባት እዚያ ምድጃ ውስጥ ነው የምትውለው። ሌባ ተብላ።»

«አንቺ ሌባ አላልሻት።»

«ጫና አለው ብያለሁ። አጠገባቸው ቆሜ።»

ካሳሁን የጨርቁን ጫፍ አሰረ። ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ስለ ፊርማ ያውቃል። «ካባረሩሽ አብረን ነው የምንቀመጠው» አለና የጨርቁን ትራፊ አጣጥፎ አስቀመጠ።

ሰኞ አቶ ፀሐዩ ምድር ቤት ወዳለችው ቢሯቸው ሲገቡ ጠብቃ ገባች። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ቁጥሮቹን አሳየቻቸው፤ ስለ ቦይለሮቹ ነገረቻቸው፤ ማታ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ አሥራ ስድስቱ አንድ ላይ እንደሚበሩ፣ ብሬከሩም ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚጥል አስረዳቻቸው። ከዚያ ስለ ጣሪያው ነገረቻቸው።

«ፈርመሻል እኮ» አሉ።

«ፈርሜያለሁ። አልወጣሁም ነበር።»

አቶ ፀሐዩ የመኪና ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዙሪያውን አዞሩት። ይጮሃሉ ብላ ጠብቃ ነበር። «ለእንግዳ ሁሉ በጣቴ እያሳየሁ ነው የኖርኩት» አሉ። «ያ ያስፈረመሽ ሰውዬ አሁን የት ነው ያለው?»

«ስልኩ አይሠራም። ትናንት ሞክሬዋለሁ።»

«ትናንት እሑድ ነው።»

«አዎ።»

ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ የቧንቧ ሠራተኛ እንድትጠራ፣ ለተከራዮች ደግሞ «የኃይል ማሻሻያ ሥራ» የሚል ማስታወቂያ እንድትለጥፍ አዘዟት። እሷ ግን አልተነሳችም።

«ሌላም አለ» አለች። «ሱቆቹ ኤሲ የሚያስገቡት ወደው አይደለም። መስታወቱ ነው። የከሰዓት ፀሐይ ከገባ በኋላ በመጋረጃ አይመለስም፤ ከውጭ ነው መከለል ያለበት። የአሉሚኒየም ዘንግ በአግድም ቢገጠምለት…»

«መስታወቱን አትንኪብኝ» አሉ አቶ ፀሐዩ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ደክሟቸው ነበር። «ሕንፃው መስታወቱ ነው። ቧንቧሽን አስገጥሚ።»

«እሺ። ለዙለይኻ ግን እኔ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የሆነውን።»

እጃቸውን አወዛወዙ፤ እንደ ፈቃድም እንደ ሂጅልኝም ነበር።

ዙለይኻ ሱቋ በር ላይ፣ ጥላ ያለበት በኩል ዱካ አስቀምጣ ነበር የተቀመጠችው። ሻርፗ ግንባሯ ላይ በላብ ርሷል። ብዙወርቅ አጠገቧ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ፊርማውንም፣ መሰላሉንም።

«ኤሲውን ሸጥኩት እኮ» አለች ዙለይኻ። «ኮዬ ፈጬ ላለ ሰው። ባለፈው ሐሙስ መጥቶ ወሰደው።»

ብዙወርቅ ማሽኑ ተሰቅሎበት ወደነበረው ባዶ ግድግዳ ቀና አለች።

«ሦስት ሳምንት ነው እትዬ። ደንበኛ ይገባል፣ ጨርቁን ሳይነካ 'ውይ ይሞቃል' ብሎ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ይቅርታ ስጠይቅ ከረምኩ። ሽማግሌውን ሳይቀር። ሊፍት ውስጥ ያስቀረኋቸው እኔ መስሎኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለች ዙለይኻ። ስድብ አልነበረበትም። ከዚያ ተነስታ ወደ ሱቋ ገባች፤ ብዙወርቅም ወደ ታች ወረደች።

የቧንቧ ሠራተኛው፣ ቀጀላ የሚባል ዝምተኛ ሰው፣ ሥራውን በሦስት ቀን ጨረሰ። ብዙወርቅ ሦስቱንም ቀን መሰላሉን ወጣች። ቀጀላ «እኔ እዚህ አለሁ፣ እርስዎ ታች ይጠብቁ» ቢላትም ፈቃደኛ አልሆነችም። ፕላስቲኩን ከሰሌዳዎቹ ላይ ልጣ፣ ወደ ታች የሚወርደውን ቧንቧ ሙቀት እንዳያባክን በስፖንጅ ጠቀለለችው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሶሬሳ ቤት ቦይለሩ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧውን ከፈቱት። ትንሽ ቀዝቃዛ ሮጠ፤ ከዚያ ለብ አለ፤ ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«ያቃጥላል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የልጅ መገረም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞረች ቦይለር ማጥፋት ማስተማሩ ሁለት ሳምንት ወሰደባት። የማያምን ነበር፤ «ምናልባት ይቀዘቅዝ ይሆናል» ብሎ ደብቆ የሚያበራ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከቆጣሪው ታውቅበታለች። መጋቢት እስኪያልቅ ብሬከሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ጣለ። ሚያዝያ ላይ አንድም ጊዜ አልጣለም። የምድር ቤቱ ሱቆች ኤሲያቸውን መልሰው አበሩ። የዙለይኻ ግን አልነበረም።

አንድ ጠዋት ብዙወርቅ መሰላልና ቢላዋ ይዛ ሁለተኛ ፎቅ መጣች። የመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ጠባብ መስኮቶች አሉ፤ ግንበኞቹ አቧራ እንዳይገባ ብለው በሲሊኮን ደፍነዋቸዋል። ማንንም ሳትጠይቅ ሲሊኮኑን መፋቅ ጀመረች። ዙለይኻ መጀመሪያ ከበሩ ሆና አየቻት፤ ቆይታ መሰላሉን ከታች ያዘችላት። አራቱን ከፈቱ። በምሥራቅ በኩል ያለውን የኮሪደር መስኮት ሲከፍቱ ንፋሱ ሱቁን አቋርጦ አለፈ፤ የተሰቀሉት አንሶላዎች በትንሹ ተነሱ።

«ብዙ አይደለም» አለች ብዙወርቅ ከወረደች በኋላ፣ ቴርሞሜትሯን እያየች። «ሦስት ዲግሪ ቢቀንስ ነው።»

«ሦስት ዲግሪም ሦስት ዲግሪ ነው» አለች ዙለይኻ። ከዚያ ዱካውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ብዙወርቅ ተቀመጠች። ዙለይኻ ንፋሱ ያነሳቸውን አንሶላዎች ማስተካከል ጀመረች።

አቶ ፀሐዩ አላባረሯትም፤ አላመሰገኗትምም። አንድ ቀን ለአንድ እንግዳ ጣሪያውን በጣታቸው እያሳዩ ሲያስረዱ በአጠገባቸው አለፈች፤ ንግግራቸውን ለአፍታ አቋረጡና ቀጠሉ። መስታወቱም እንዳለ ነው። በሚቀጥለው በጋ የሁለተኛው ፎቅ ተከራዮች ምን እንደሚሉ ብዙወርቅ ከወዲሁ ታውቀዋለች፤ ደብተሯ ላይም የየቀኑን ሙቀት ጽፋ አስቀምጣለች። አቶ ፀሐዩ ሲጠይቋት ልታሳያቸው። ካልጠየቋትም ራሷ ይዛ ልትገባ።

ሐምሌ ገባ። አቃቂ ላይ ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ሳይገለጥ ከረመ። አንድ ጠዋት ብዙወርቅ ፓምፑ አጠገብ ቁጭ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። ከአራተኛ ፎቅ እምነት የምትባል ተከራይ ናት፤ ነርስ ናት፣ ከአዳር ሥራ አሁን መግባቷ ነው።

«እትዬ፣ ውሃው ለብ ብቻ ነው ያለው። ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም። ፀሐይ የለም። ቦይለሩን ግማሽ ሰዓት አብሪው፣ ታጥበሽ ስትጨርሺ አጥፊው።»

«እንቅልፍ ይዞኛል እኮ። ማጥፋቱን ብረሳውስ?»

ብዙወርቅ ደረጃውን አየችው። «አንቺ ታጠቢና ተኚ» አለች። «በሩን ብቻ ሳትቆልፊ ተይው፤ እኔ መጥቼ አጠፋዋለሁ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተችና የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች።